ከሕፃናት ጋር መሥራት ለምትፈልጉ፦ ስለ ሥልጠናው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አካባቢ አዳዲስ ተንከባካቢዎችንና ረዳት መምህራንን አሠለጥናለሁ። ከዚያ በፊት ጋዋን ለብሼ፣ «ሚስ» እየተባልኩ፣ ለብዙ ዓመታት ሕፃናት አስተምሬአለሁ። ሰዎች ስለ ሥልጠናው ሲጠይቁኝ ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ። አንድ ቦታ ጽፌ ባስቀምጣቸው ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጀሁ።

ሕፃን መያዝ ማን ያቅተዋል? ለዚህም ሥልጠና ያስፈልጋል እንዴ?

ይህን የሚጠይቁኝ ሠልጣኞቹ ሳይሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ባሎቻቸውና እናቶቻቸው ናቸው። ልጅ ማሳደግ ከእናት፣ ከአያት የሚወረስ ዕውቀት ነው። አልክድም። እኔም ብዙ ነገር የተማርኩት ከአያቴ ነው። ግን የራስን አንድ ልጅ ማሳደግና የሰው አደራ የሆኑ ስምንት ልጆችን በአንድ ክፍል ይዞ መዋል አንድ አይደለም።

ቤት ውስጥ ልጁ ሲያለቅስ ለምን እንደሚያለቅስ ታውቃላችሁ። ማቆያ ውስጥ ሦስቱ በአንዴ ያለቅሳሉ። አንዱ ርቦታል። አንዷ ጥርስ እያበቀለች ነው። ሦስተኛው እናቱ ከወጣች ገና አሥር ደቂቃዋ ነው። መጀመሪያ ማንን ታነሳላችሁ? ሌሎቹን በምን ታቆያላችሁ? ይህን ሰው በተፈጥሮው አያውቀውም። ይማረዋል።

ደግሞ ዕድሜው ራሱ ቀላል አይደለም። የልጅ አንጎል አምስት ዓመት እስኪሞላው የአዋቂውን መጠን 90 በመቶ ያህል ይደርሳል። በዚያ ጊዜ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ያለው ሰው ማነው? ወላጅ ሥራ ላይ ከሆነ፣ እናንተ ናችሁ። ድሮ ጎረቤት ለጎረቤት «ልጄን እያየሽልኝ» ይባባል ነበር። አሁን ሰፈሩ ፈርሷል፣ ሰዉ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፣ በሩ ዝግ ነው። ያ አደራ ወደ ባለሙያ ዞሯል።

ማቆያ፣ ነርሰሪ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ኦ ክፍል ሲባል እሰማለሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ማቆያ ወይም ዴይኬር የምንለው ወላጅ ሥራ ሲውል ልጁ የሚውልበት ነው። በጣም ትንንሾቹ ያሉት እዚህ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወለደች በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ስለዚህ ማቆያ በር ላይ የሚደርሰው ሕፃን አንገቱ ገና በደንብ ያልጠና፣ የሦስት ወር ከምናምን ልጅ ሊሆን ይችላል። በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ዛሬ በአንዳንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ ማቆያ ታገኛላችሁ። ይህ ጥሩ የሥራ ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያስበውም።

መዋዕለ ሕፃናት ወይም አፀደ ሕፃናት፣ በሰፈር ቋንቋ ኬጂ፣ ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው ትምህርት ቤት ነው። ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ የሚባሉት የእሱ ደረጃዎች ናቸው። «አፀድ» በግዕዝ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ስሙን እወደዋለሁ። ኦ ክፍል ወይም ዜሮ ክፍል የሚባለው ደግሞ ኬጂ ያልገቡ ልጆች 1ኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት እንዲዘጋጁ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተከፈተ ክፍል ነው። በአዲሱ የትምህርት ሥርዓት ሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ተካቷል።

ሥልጠና ስትመርጡ መጀመሪያ ይህን ለዩ። ጡጦ ከሚይዝ ልጅ ጋር ነው መዋል የምትፈልጉት ወይስ ጥያቄ ከሚያበዛ የአምስት ዓመት ልጅ ጋር? ሁለቱም የተለያየ ትዕግሥት ይጠይቃሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ የት መማር እችላለሁ?

መምህር ለመሆን ከሆነ የመምህራን ትምህርት ተቋማት አሉ። ብዙ የአዲስ አበባ መምህር ያለፈበት ኮተቤ ነው። ድሮ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነበር፤ አሁን ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ከመሃል ከተማ የምትሄዱ ከሆነ መገናኛ ደርሳችሁ ታክሲ መያዝ ነው።

ከፍ ላለ ትምህርት ስድስት ኪሎ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በትምህርትና ሥነ ባህርይ ጥናት ኮሌጁ በቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት እስከ ድኅረ ምረቃ ድረስ ያስተምራል። ይህ ለጀማሪ አይደለም። ዳይሬክተር፣ ሱፐርቫይዘር፣ የመምህራን አሠልጣኝ መሆን ለሚፈልግ ነው። ግን መኖሩን እወቁ። «ይህ ሙያ የት ያደርሳል?» ለሚሏችሁ ዘመዶች መልሱ እዚያ ግቢ ውስጥ አለ።

ለማቆያና ለሞግዚትነት ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ተቋማትና የግል ማሠልጠኛዎች አጫጭር ሥልጠና ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ነው ዓይን መክፈት የሚያስፈልገው። ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ለመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ሰርተፍኬት ይበቃል ወይስ ዲፕሎማ?

ድሮ 10ኛ ክፍል ጨርሶ አንድ ዓመት የሠለጠነ ሰው ኬጂ ይገባ ነበር። በኋላ የሦስት ዓመት ዲፕሎማ መጣ። አሁን የሚፈለገው ደረጃ ከፍ እያለ ነው የሄደው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከቀረ ቆይቷል፤ ስለዚህ መግቢያው ከ12ኛ ክፍል በኋላ ነው። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚወሰን የዘንድሮውን ማስታወቂያ ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። ጓደኛ የነገራችሁ የአምናውን ሊሆን ይችላል።

በሰርተፍኬት ገብታችሁ እየሠራችሁ ያላችሁ፣ ዲፕሎማውን በክረምት ወይም በማታ ለመማር ሞክሩ። ድካም አለው። ቀን ከልጆች ጋር ውሎ ማታ ሌክቸር መቀመጥ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ግን ቀን ያያችሁትን ማታ ትሰሙታላችሁ፣ ማታ የሰማችሁትን በማግሥቱ ትሞክሩታላችሁ። ልምድ ሳይኖረው ሙሉ ጊዜውን ከሚማረው ይልቅ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። ዲግሪ ለምትማሩ ደግሞ የመውጫ ፈተና መኖሩን አትርሱ።

የ12ኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝም። በቃ ቀረብኝ ማለት ነው?

አልቀረባችሁም። ማቆያ ውስጥ በተንከባካቢነት ወይም ኬጂ ውስጥ በረዳትነት መጀመር ይቻላል። ካየኋቸው ምርጥ ተንከባካቢዎች አንዷ ትምህርቷን ያቋረጠች ሴት ነበረች። ልጅ ሲያስነጥስ ድምፁን ብቻ ሰምታ «ዛሬ ትኩሳት አለው፣ እዪው» ትል ነበር። ብዙ ጊዜ ልክ ነበረች። ሙያ ነክ ሥልጠና ወስዳችሁ የብቃት ምዘና፣ ማለትም ሲኦሲ፣ ማለፍ ደግሞ ለቅጥር ጉልበት ይሰጣችኋል።

«በ15 ቀን ሰርተፍኬት እንሰጣለን» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ልመዝገብ?

በ15 ቀን የሚማሩት ነገር የለም አልልም። የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ ንጽሕና፣ የምግብ አዘገጃጀት መማር ይቻላል። በ15 ቀን ግን ሰው የሕፃናት ባለሙያ አይሆንም። ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ ብትገቡ ችግሩን መጀመሪያ የሚያዩት ልጆቹ ናቸው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። ተቋሙ ከከተማው የትምህርትና ሥልጠና ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ፈቃድ አለው? ፈቃዱ ለዚህ ሙያ ነው ወይስ ለኮምፒዩተር ተሰጥቶት ሕፃናት እንክብካቤን ጎን ለጎን የጨመረው ነው? ሲኦሲ ያስፈትናል? አሠልጣኟ ራሷ ልጆች ጋር ሠርታለች? እኔ ከሁሉም በላይ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከሥልጠናው ስንቱን ሰዓት እውነተኛ ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ እናሳልፋለን? «በፕሮጀክተር እናሳያችኋለን» ካሉ ተመለሱ። ዳይፐር መቀየር በአሻንጉሊት ይለመዳል፤ አሻንጉሊት ግን አይፈራገጥም።

የሞንቴሶሪ ሰርተፍኬት ይጠቅማል?

ማሪያ ሞንቴሶሪ ጣሊያናዊት ሐኪም ነበረች። የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን ሮም ውስጥ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ዘዴዋ ጥሩ ነው። ልጁ በራሱ እጅ እየነካ፣ በራሱ ፍጥነት እንዲማር ያደርጋል። ችግሩ «ሞንቴሶሪ» የሚለው ስም ባለቤት የለውም። ማንም በሩ ላይ መለጠፍ ይችላል። ስለዚህ የሥልጠናውን ስም አይታችሁ አትክፈሉ። ልጆቹ ዕቃውን ራሳቸው ከመደርደሪያ ያነሳሉ ወይስ መምህርቷ ናት የምታሳያቸው? ይህን አይታችሁ ፍረዱ።

በትክክል ምን ምን እንማራለን?

የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የጋራ ሰነድ ለትንሽ ልጅ አምስት ነገር ያስፈልገዋል ይላሉ፦ ጤና፣ በቂ ምግብ፣ ደኅንነት፣ የመማር ዕድልና ስሜቱን አይቶ ምላሽ የሚሰጥ ተንከባካቢ። እኛም አገር በ2002 ዓ.ም የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ ላይ የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ አውጥተዋል። ሦስት መሥሪያ ቤት አንድ ላይ የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ በጠዋት የሚማር፣ ከሰዓት የሚታከም፣ ማታ የሚበላ አይደለም። ሁሉም በአንዴ ነው። ጥሩ ሥልጠናም እነዚህን ሁሉ ይነካል።

ንድፈ ሐሳቡ ደረቅ ይመስላል። ለምን እንደሚያስፈልግ በራሴ ስህተት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ኬጂ ክፍሉ ጠባብ፣ ልጆቹ ብዙ ነበሩ። ከእኔ የሚፈለገው ወላጅ ማታ ደብተሩን ሲከፍት ሞልቶ እንዲያገኘው ነበር። የአራት ዓመት ልጆችን «ሀ» አንድ ገጽ ሙሉ አስጽፍ ነበር። አንድ ልጅ እርሳሱን እንደ ዱላ በሙሉ ጭብጡ ይይዘዋል። ሲጫነው ጫፉ ይሰበራል። ቀርጬ እሰጠዋለሁ። ደግሞ ይሰብረዋል። ሰነፍ መሰለኝ። ተቆጣሁት። እየቆየ ደብተር ሳወጣ ገና ዓይኑ እንባ ይሞላ ጀመር።

በኋላ ኮርስ ስገባ አስተማሪያችን እጇን ዘርግታ አንጓዋን አሳየችን። «በአራት ዓመቱ እዚህ ያሉት አጥንቶች ገና ተሠርተው አላለቁም» አለች። ከጽሕፈት በፊት ጣት መጠንከር አለበት። ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ ያን ልጅ ሳስብ ነበር።

ሰኞ እርሳሱን ከእጁ ወሰድኩ። በምትኩ ሊጥ ሰጠሁት። ባቄላና ሽምብራ ደባልቄ በሁለት ጣቱ እያነሳ እንዲለይ አደረግሁ። የጠርሙስ ክዳን ከፍቶ እንዲዘጋ፣ የልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ እንዲሰካ። ደብተሩ ባዶ ሆነ። ወላጆቹ ቅር አላቸው፤ ጠርቼ አስረዳኋቸው። ሁለት ወር ገደማ አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ሰሌዳው ሥር ቁጭ ብሎ፣ ጠመኔ በሦስት ጣቱ ይዞ፣ ክብ ሲስል አገኘሁት። ማንም አላዘዘውም። ያን ልጅ ይቅርታ ሳልጠይቀው ዓመቱ አለቀ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታዲያ ልጆቹ ሲጫወቱ መዋላቸው ነው? ወላጅ ለዚህ ነው የሚከፍለው?

ወላጅ እንዲህ ሲል አልፈርድበትም። እኛ አገር የቄስ ትምህርት ቤት ነበር የመጀመሪያው የልጆች ትምህርት። ፊደል፣ አቡጊዳ፣ ከዚያ ዳዊት። ብዙ ሰው በዚያ አልፎ ማንበብ ችሏል። «ትምህርት» ሲባል ድምፅ አውጥቶ መቁጠር የሚመስለን ለዚህ ነው።

ግን ጨዋታችንንም እዩት። ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት አንዲት ልጅ በአንድ እግሯ ትቆማለች፣ መስመር ትለያለች፣ ተራዋን ትጠብቃለች። ብይ የሚጫወት ልጅ ርቀት ይገምታል፣ ያሸነፈውን ይቆጥራል። ኩኩሉ የሚጫወተው ዓይኑን ጨፍኖ ፍላጎቱን መግታት ይማራል። እንቆቅልሽ ቋንቋ ነው። ይህ ሁሉ ያለ ገንዘብ፣ ያለ ውጭ ዕቃ የሚሠራ ትምህርት ነው። የከተማው የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራምም ልጆች በጨዋታ እንዲማሩ ነው የሚገፋፋው። የሠለጠነች መምህርት ከሌላው የምትለየው ጨዋታው ምን እንደሚያስተምር አውቃ፣ ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት በመቻሏ ነው።

የመጀመሪያ ዕርዳታ የግድ ነው?

የግድ ነው። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብላችሁ ድረሱበት፣ ይህን ግን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ተማሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፉት።

በጣም የሚያስፈራኝ መታነቅ ነው። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ሙሉ የወይን ፍሬ ለትንሽ ልጅ አይሰጥም። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ታንቆ ማልቀስም ማሳልም ካቃተው፣ ክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኝታችሁ፣ ራሱን ከሰውነቱ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ትከሻዎቹ መሃል ጀርባውን 5 ጊዜ ትመታላችሁ። ካልወጣ ገልብጣችሁ ደረቱ መሃል ላይ 5 ጊዜ ትጫናላችሁ። እየቀያየራችሁ ትቀጥላላችሁ፣ ሌላ ሰው 907 ይደውላል። ያልታየ ነገር ለማውጣት ጣት አፉ ውስጥ አይከተትም፤ ይበልጥ ይገፋዋል። ዓመት ላለፈው ልጅ አያያዙ ይለያል። ይህን አንብባችሁ አወቅሁ አትበሉ። እጃችሁ እስኪለምደው ድረስ አሠልጣኝ ፊት ተለማመዱት።

ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር። ሕፃን የሚተኛው በጀርባው ነው፣ በሆዱ አይደለም። እናት ጡቷን አልባ የምታመጣው ወተት ላይ ስምና ሰዓት ይጻፍበት፤ ክፍል ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ስድስት ወር ያልሞላው ጡት ብቻ ነው የሚጠባው። «ጠማው» ብላችሁ ውኃ አትስጡት። የክትባት ካርዱንም ስትመዘግቡ እዩ፤ ኩፍኝ በ9 ወርና በ15 ወር ነው፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ልጅ ሲያስቸግር ትንሽ ብንቆነጥጠው ምን አለበት? እኛም ተቆንጥጠን ነው ያደግነው።

አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ከሕጉም ሌላ፣ የሁለት ዓመት ልጅ ሲነክስ ክፉ ሆኖ አይደለም። የሚልበት ቃል የለውም። ሥልጠና ላይ የምትማሩት ከመንከሱ በፊት ያለችውን ደቂቃ ማየት ነው። ማን ዕቃውን ነጠቀው? ሰዓቱ የእንቅልፉ ሰዓት ነው? ዝቅ ብላችሁ ዓይኑን እያያችሁ «ተናደድክ፤ መኪናውን ወሰደብህ» ብትሉት ቃሉን ሰጣችሁት። በሳምንት ውስጥ ላይለወጥ ይችላል። ይለወጣል ግን።

ጠዋት ሲመጡ ያለቅሳሉ። ምን ላድርግ?

ይህ ለብቻው አንድ ቅዳሜ ይወስድብኛል። እናት ልጇ ሲጫወት አይታ በጓሮ በር ሹልክ ትላለች። ልጁ ቀና ሲል የለችም። የዚያን ቀን ልቅሶው ቶሎ ሊያልፍ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ግን ዓይኑ ከበሩ አይነሳም። መጫወት ይፈራል፤ ስጫወት ነው የጠፋችው ብሎ ያስባላ።

እናትን አስተምሯት። ፊቱን አይታ፣ አጭር ስንብት ሰጥታ፣ «ምሳ በልተህ፣ ተኝተህ ስትነሳ እመጣለሁ» ብላ ትሂድ። ሰዓት አይገባውም፣ ምሳና እንቅልፍ ግን ይገባዋል። ያረጀ ነጠላዋን ትተውለት። አንዲት ልጅ የእናቷን ነጠላ ጫፍ አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ካልሆነ አትተኛም ነበር። እናቷ አጥባ ያመጣችው ዕለት አልተቀበለችንም። ሽታው ነበር የፈለገችው። ከዚያ ወዲህ «ነጠላውን አትጠቡት» እላለሁ።

እንግሊዝኛ ካልቻልኩ ይቀጥሩኛል?

ብዙ የግል ኬጂዎች ይፈልጋሉ፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ብትችሉ ደመወዝ ላይ ይጠቅማችኋል። ነገር ግን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከምታናግሩት ይልቅ በሞላ አማርኛ ተረት የምታወሩለት ልጅ ቋንቋው ይበለጽጋል። አፉን በፈታበት ቋንቋ ሐሳቡን መግለጽ የቻለ ልጅ ሌላውን ይጨምራል። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ የሚነገር ልጅ ካላችሁ ቢያንስ ውኃ፣ ሽንት፣ እናት፣ ያመኛል የሚሉትን በቋንቋው ተማሩለት።

ወንድ ነኝ። ይቻላል?

ይቻላል። አንዳንድ ወላጅ መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል። በር ክፍት ያለበት፣ ሁለት ሰው አብሮ የሚሠራበት ቦታ ምረጡ፤ ይህ ለሴቶችም ጥሩ አሠራር ነው። አባት ርቆ የሚሠራበት ቤት ልጅ ወንድ መምህር ሲያገኝ ደስታውን አይቻለሁ።

አፉን ያልፈታ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ አለኝ። ኦቲዝም ነው ልበል?

አትበሉ። ያያችሁትን በቀን እየለያችሁ ጻፉ፦ ስንት ጊዜ ጠራችሁት፣ ድምፅ ይሰማል ወይ፣ በጣቱ ይጠቁማል ወይ፣ ምን ሲሆን ይረበሻል። ከዚያ ወላጅን ለብቻ፣ በክብር አነጋግሩ። በር ላይ፣ ሌላ ወላጅ እየሰማ አይሆንም። መጀመሪያ የጆሮ ምርመራ ያድርግ። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መነገር የተጀመረው በአብዛኛው በወይዘሮ ዘሚ የኑስ ድካም ነው፤ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት ልጁን ቤት ቆልፎ መደበቅ የተለመደ ነበር። ምርመራው የሐኪም ነው። ቶሎ ማየት የእናንተ ነው።

ደመወዙስ?

ከሥራው ጋር አይመጣጠንም። ይህን ሳልደብቅ ነው የምነግራችሁ። የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት የደረጃ ዕድገትና ጡረታ አለው። የግሉ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል፤ አንዳንዱ በክረምት ወር አይከፍልም። ስለዚህ ስትፈርሙ ሐምሌና ነሐሴን ጠይቁ። ምሳ ይካተታል? በእናንተ እጅ ስንት ልጅ ይሆናል? ይህን የመጨረሻውን ከደመወዙ እኩል ቁጠሩት። ልጅ ከበዛባችሁ ምንም ብትማሩ መሥራት አትችሉም፤ መጠበቅ ብቻ ነው የምትችሉት።

ለቅጥር ምን ምን ያስፈልገኛል?

የትምህርት ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ውጤት፣ ዋስ፣ ብዙ ቦታ ደግሞ የአሻራ ማስረጃ። ዋስና አሻራ ሲጠይቋችሁ አትከፉ። ልጅ የሚረከብ ሰው መጣራት አለበት። የማያጣራ ቦታ ቢያጋጥማችሁ ይልቅ እሱን ጠርጥሩ።

ብዙ ጊዜ «እስቲ ክፍል ግቢ» ብለው ያዩአችኋል። ገብታችሁ ዝም ብላችሁ አትቁሙ፣ ዘላችሁም ልጅ አታንሱ። ወለሉ ላይ ቁጭ በሉ። ከልጅ ቁመት ጋር እኩል ሁኑ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ዕቃ ይዞ ይመጣል። እኔ ስቀጥር የማየው ይህን ነው።

የመጀመሪያ ቀን ምን ይዤ ልሂድ?

ጠፍጣፋ ጫማ። ያጠረ ጥፍር። የሚንጠለጠል ጉትቻና ሐብል ቤት ይቅር፤ ይጎተታል። ፀጉር የታሰረ። ቅያሪ ልብስ፤ ትውከት ይመጣል። ስልካችሁን ሎከር ውስጥ ቆልፉት። ሽቶ አትቀቡ፤ ሕፃኑ ሽታችሁን እንዲለምድ ነው የምንፈልገው።

አንድ ነገር ደግሞ ወላጆቹን ጠይቁ። መዝገብ ላይ ያለው ስም ሲጠራ ልጁ ላይዞር ይችላል። ቤት ውስጥ «ሚሚ» ወይም «ባቢ» ነው የሚባለው። የቤት ስሙን ጠይቃችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና ጋዋናችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱት። መጀመሪያ ያለቀሰውን ልጅ በእሱ ጥሩት።